የ7 ሜጋኸርዝ መቀበያ የሌለ ጣቢያ ሲያሰማ፦ ጥፋቱ የሚክሰሩ ነው ወይስ የፍሪኩዌንሲ ምርጫው?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ "ከ7.0 እስከ 7.2 ሜጋኸርዝ የሚሰማ መቀበያ ሠርቻለሁ። ሚክሰሩ (ሁለት ፍሪኩዌንሲ አደባልቆ ሌላ የሚያወጣው ክፍል) ኤስኤ612 ነው፤ ኦሲሌተሩም (የራሱን ሞገድ የሚያመነጨው ክፍል) እዚያው አይሲ ውስጥ ያለው ሲሆን ከ7.455 እስከ 7.655 ይሄዳል። ጥቅሉ በቀይ ቶሮይድ (ቀለበት መሰል እምብርት) ላይ ነው። አማካይ ፍሪኩዌንሲው (ሚክሰሩ የሚሰማውን ሁሉ የሚለውጥበት ቋሚ ፍሪኩዌንሲ) 455 ኪሎኸርዝ፤ ትራንስፎርመሮቹን ከአሮጌ ሬዲዮ ነቅዬ ነው የተጠቀምኩት። አንቴናው ላይ አንድ የተቃኘ ጥቅል ብቻ አለ። ቀን ላይ እዚህ ባንድ ውስጥ መኖር የሌለባቸው የዳታና የሞርስ ድምፆች ይሰማሉ። ማታ ባንዱ በሙሉ የስርጭት ጣቢያዎች ቅልቅል ይሆናል። የያዝኩት ጣቢያም በየደቂቃው ይንሸራተትብኛል። ሚክሰሩን አውጥቼ ባለአራት ዳዮድ ቀለበት ብተካ ይሻላል?"

ሚክሰሩን ገና አይንቀሉት። ከነገሩን ሦስት ችግሮች ሁለቱ ሚክሰር በመቀየር አይጠፉም፤ ሦስተኛውም መጀመሪያ ሦስት ሬዚስተር ብቻ በሚጠይቅ ሙከራ መመርመር አለበት። ዋናው ጥፋት የደረሰው ብየዳው ሳይጀመር፣ 455 ኪሎኸርዝ የተመረጠ ዕለት ነው። ፍሪኩዌንሲ የሚለውጥ ሰርኪት በወረቀትና በእርሳስ ይጀመራል፤ እዚያ የተሳሳተውን ምንም ዓይነት ሚክሰር አያቃናውም።

ቀን የሚሰሙት እንግዳ ድምፆች

የሚክሰር ሥራ መደመርና መቀነስ ነው። ኦሲሌተርዎ 7.555 ላይ ሲቆም፣ በ7.100 የገባ ሲግናል ልዩነቱ 455 ኪሎኸርዝ ስለሆነ ወደ ትራንስፎርመሮቹ ያልፋል። በ8.010 የገባ ሲግናልም ከኦሲሌተሩ የሚለየው በዚያው 455 ኪሎኸርዝ ነውና እሱም ያልፋል። አንዱ ከኦሲሌተሩ በታች፣ ሌላው በላይ መሆኑን ሚክሰሩ አያውቅም። ይህ ሁለተኛው የምስል ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ ከሚፈለገው የሚርቀውም ሁልጊዜ በአማካዩ ፍሪኩዌንሲ እጥፍ ነው። የእርስዎ እጥፍ 910 ኪሎኸርዝ ስለሆነ ከ7.91 እስከ 8.11 ሜጋኸርዝ ያለው ሁሉ በባንድዎ ላይ ተደርቦ ይሰማል።

ከሚክሰሩ በኋላ የሚገባ ማጣሪያ፣ የፈለገውን ያህል ጠባብ ቢሆን፣ ይህን አይፈታም። ሁለቱ ሲግናሎች እዚያ ሲደርሱ አንድ ፍሪኩዌንሲ ሆነዋልና። ምስሉ መገደል ያለበት ከሚክሰሩ በፊት ነው። አሁን ያለዎት አንድ የተቃኘ ጥቅል፣ ኪው (የጥቅሉ የመምረጥ ጥራት) 50 ይዞ ቢሠራ እንኳ፣ 8.010ን የሚቀንሰው 22 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሁለት ጥቅል ያለው፣ 300 ኪሎኸርዝ ስፋት ያለው ማጣሪያ ቢያስገቡም ወደ 30 ዴሲቤል ነው የሚደርሱት። ለአገልግሎት የሚበቃ መቀበያ ቢያንስ 60 ያስፈልገዋል።

455 ኪሎኸርዝ መጥፎ ቁጥር ሆኖ አይደለም። ለመካከለኛ ሞገድ የሚስማማ ነው፤ 1 ሜጋኸርዝ ሲሰሙ ምስሉ 1.91 ላይ ስለሚውል፣ ያው ኪው 50 ያለው አንድ ጥቅል 37 ዴሲቤል ይቀንሰዋል። ቁም ነገሩ ምስሉ በስንት ኪሎኸርዝ ይርቃል ሳይሆን ከሚሰማው ፍሪኩዌንሲ አንጻር ስንት እጅ ይርቃል የሚለው ነው። ባንዱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ያው 910 እየተመናመነ ይሄዳል።

455 ሌላም ጣጣ ያመጣል። ኦሲሌተሩ ከአንቴናው ጥቅል ያለው ርቀት 455 ኪሎኸርዝ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ይሳሳባሉ። የአንቴናውን ትሪመር (ትንሽ ተስተካካይ ካፓሲተር) ሲነኩ የያዙት ጣቢያ ቦታውን ከቀየረ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከመፍረድዎ በፊት ሦስት ሙከራዎች

መጀመሪያ አንቴናውን ይንቀሉ። ድምፁ ካልጠፋ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከራስዎ ኦሲሌተሮች አንዱ ወይም የአንዱ ሃርሞኒክ (የፍሪኩዌንሲው ብዜት) ነው።

ሁለተኛ፣ በእርግጠኝነት የባንዱ የሆነ አንድ ጣቢያ ላይ ሆነው መደወያውን ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንቀሳቅሱ፤ ፉጨቱ ይቀጥናል ወይስ ይወፍራል የሚለውን ይያዙ። ከዚያ እንግዳው ድምፅ ላይ ያንኑ ይድገሙ። ፉጨቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሄደ ምስል ነው። ኦሲሌተሩ ከፍ ሲል ከበታቹ ካለው ሲግናል ይርቃል፣ ከበላዩ ወዳለው ግን ይቀርባል፤ የተቃራኒነቱ ምክንያት ይህ ነው። መሣሪያ የማይፈልግ፣ የማይዋሽ ሙከራ ነው።

ሦስተኛው ለማታው ቅልቅል ነው። በአንቴናውና በመቀበያው መካከል የ10 ዴሲቤል ማዳከሚያ ያስገቡ፦ 100 ኦም ወደ ግራውንድ፣ 68 ኦም በመስመሩ ላይ፣ ሌላ 100 ኦም ወደ ግራውንድ። እውነተኛ ጣቢያ በ10 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሚክሰሩ ተጨናንቆ የፈጠረው የሦስተኛ ደረጃ ውላጅ (ሁለት ጠንካራ ሲግናሎች ተደባልቀው የሚያስገኙት ሐሰተኛ ሲግናል) ግን በ30 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ብዙውን ጊዜም ጨርሶ ይጠፋል። ባንዱ በአንድ ጊዜ ጸጥ ካለ የማታው ችግርዎ ታወቀ ማለት ነው።

የፍሪኩዌንሲ ዕቅዱን እንደገና መሥራት

ከፍ ያለ አማካይ ፍሪኩዌንሲ ያስፈልግዎታል። ግን "ከፍ ያለ" ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የኦሲሌተሩ ሃርሞኒኮች የት እንደሚወድቁ ካልታየ ከአንዱ ወጥመድ ወጥቶ ሌላው ውስጥ መግባት ነው። ሁለት የተለመዱ ምርጫዎችን እንይ።

9 ሜጋኸርዝ ብዙ ሰው የሚወደው ነው። ኦሲሌተሩን ከ1.8 እስከ 2.0 አድርገው ቢደምሩ ባንዱ ይሸፈናል፤ ዝቅ ያለ ኦሲሌተር ስለሆነም የተረጋጋ ይመስላል። ነገር ግን 7.2 ላይ ሲደርሱ ኦሲሌተሩ 1.8 ነው፤ 1.8 በ5 ሲባዛ ልክ 9.0 ነው። አምስተኛው ሃርሞኒክ በቀጥታ አማካዩ ማጣሪያ ውስጥ ይገባል፤ የባንዱ ጫፍ ላይ የማይጠፋ ፉጨት ይተክላል።

10.7 ደግሞ ዝግጁ ማጣሪያ ስላለው ያጓጓል። ኦሲሌተሩ ከ3.5 እስከ 3.7 ይሆናል። ግን 3.5667 ላይ ሲደርስ ሦስተኛው ሃርሞኒክ 10.7 ነው፤ ያም በመደወያው ላይ 7.133 ነው። የባንዱ ወገብ ላይ! ይህን ዕቅድ የሚያድነው ኦሲሌተሩን ከላይ ማድረግ፣ ማለትም ከ17.7 እስከ 17.9 ማስኬድ ነው።

ለእርስዎ የምመክረው 4.9152 ሜጋኸርዝ ነው። ክሪስታሉ ለኮምፒውተር ሲሪያል መስመሮች በብዛት የተመረተ ስለሆነ አራትና አምስት ተመሳሳይ መርጦ ማጣሪያ ለመሥራት ይመቻል። ኦሲሌተሩ ከ2.0848 እስከ 2.2848 ይሄዳል። ሁለተኛ ሃርሞኒኩ ከ4.17 እስከ 4.57፣ ሦስተኛው ከ6.25 እስከ 6.85 ይውላል፤ አንዱም አማካዩን ወይም ባንዱን አይነካም። 7.1 ሲሰሙ ምስሉ 2.73 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፤ ከታች የምሰጠው ባለሁለት ጥቅል ማጣሪያ በስሌት ከ65 ዴሲቤል በላይ ይቀንሰዋል። ሁለቱ ጥቅሎች በትንሽ ካፓሲተር ሲያያዙ ደግሞ ማጣሪያው ወደ ታች በኩል ይበልጥ ስለሚወድቅ ምስሉ በደካማው ሳይሆን በጠንካራው ወገን ይገኛል።

አንድ ደካማ ጎን አለው፤ አልደብቅም። የኦሲሌተሩ ሁለተኛ ሃርሞኒክ እንደ ሁለተኛ ኦሲሌተር ሆኖ ከ9.08 እስከ 9.48 ያለውን ሊያመጣ ይችላል። ከ9.4 ጀምሮ ደግሞ ጠንካራ የስርጭት ባንድ አለ። ማጣሪያው እዚያ 45 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል፤ ሚዛኑን የጠበቀ ሚክሰርም ተጋማሽ ሃርሞኒኮችን (ሁለተኛውን፣ አራተኛውን) ያዳክማል። ስለዚህ ኦሲሌተሩ የጠራ ሳይን ሞገድ እንዲሆን መትጋት ያስፈልጋል እንጂ ዕቅዱ አይበላሽም።

የ455ቱን ክፍል መጣል ካልፈለጉ በሁለት ደረጃ መለወጥ ይቻላል። የመጀመሪያው ኦሲሌተር ከ17.7 እስከ 17.9፣ አማካዩ 10.7፣ ከዚያ 10.245 ክሪስታል ባለው ሁለተኛ ሚክሰር ወደ 455። ሁለተኛው ለውጥ የራሱ ምስል 9.79 ላይ አለው፤ 10.7 ላይ ያለው ማጣሪያ ይይዘዋል። ለኤፍኤም የተሠራ ሴራሚክ ማጣሪያ ለዚህ ምስል በቂ ነው፤ ግን ስፋቱ ከመቶ ኪሎኸርዝ ስለሚበልጥ ጎረቤት ያሉ ጠንካራ ጣቢያዎች ሁለተኛው ሚክሰር ድረስ ይደርሳሉ። እዚህ ዕቅድ ላይ ኦሲሌተሩ ከሲግናሉ በላይ ስለሆነ የጎን ሞገዶቹ (ድምፁን ተሸክመው ከዋናው ሞገድ በላይና በታች ያሉት) ይገለበጣሉ፦ በ7 ሜጋኸርዝ የታችኛው የነበረው የላይኛው ይሆናል። ቢኤፍኦውን (ከአማካዩ ፍሪኩዌንሲ ድምፁን የሚያወጣውን ኦሲሌተር) በማጣሪያው የታችኛው ጫፍ ላይ ያድርጉት። በ4.9152 ዕቅድ ኦሲሌተሩ ከሲግናሉ ስለሚቀነስ ግልበጣ የለም፤ ቢኤፍኦው ከማጣሪያው የላይኛው ጫፍ አጠገብ ይቀመጣል። የመሰላል ቅርጽ ያለው የክሪስታል ማጣሪያ የላይኛው ጠርዙ ይበልጥ ቀጥ ያለ በመሆኑ ይህ አቀማመጥ ይጠቅማል።

መንሸራተቱ

ቀይ ቶሮይድ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ኢንዳክታንሱን ከሚሊዮን 95 እጅ ያህል ይቀይራል፤ ፍሪኩዌንሲው የሚቀየረው በግማሹ ነው። በ7.555 ላይ ይህ በየዲግሪው ወደ 360 ኸርዝ ይመጣል። የሰው ድምፅ በነጠላ ጎን ሞገድ ሲሰማ መቶ ኸርዝ እንኳ መዛባቱ ጆሮ ስለሚይዘው፣ የሚያዩት መንሸራተት የሚጠበቅ ነው። ቢጫው ቶሮይድ ከሚሊዮን 35 እጅ ነው። በ2.18 ሜጋኸርዝ ላይ ቢጫ ቢጠቀሙ በየዲግሪው 38 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። አስር እጥፍ የሚጠጋ መሻሻል ነው፤ ያለ ምንም ተጨማሪ ሰርኪት።

ጥቅሉ፦ ቲ68-6 ቢጫ ቶሮይድ፣ 0.4 ሚሊሜትር የተለበጠ ሽቦ፣ 45 ዙር፤ ወደ 9.5 ማይክሮሄንሪ ይሰጣል። በጥቅሉ ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ካፓሲታንስ ከ510 እስከ 612 ፒኮፋራድ መሆን አለበት። እንዲህ ይገኛል፦ ከጥቅሉ ላይኛ ጫፍ ወደ አይሲው እግር 7 የ680 ፒኮፋራድ ካፓሲተር፣ ከእግር 7 ወደ ግራውንድ ሌላ 680፤ ሁለቱ በተከታታይ 340 ናቸው። በጥቅሉ ላይ 150 ቋሚ፣ በጎኑም ከ15 እስከ 120 የሚሄድ ተለዋዋጭ። የሽቦውና የቦርዱ ጥቂት ፒኮፋራዶች ቀሪውን ይሞላሉ። ከጥቅሉ ላይኛ ጫፍ ወደ እግር 6 በ100 ፒኮፋራድ ያገናኙ። ቋሚዎቹ ሁሉ ሲ0ጂ (በሙቀት እምብዛም የማይለወጥ) ዓይነት ይሁኑ። ቡናማዎቹን ተራ ሴራሚኮች እዚህ ቦታ ላይ ማስገባት ቢጫውን ቶሮይድ በከንቱ መግዛት ነው።

ጠቅልለው ሲጨርሱ ጥቅሉን በፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆይተው ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይተዉት፤ ሽቦው ሲጠቀለል የያዘውን ውጥረት ይለቃል። በደንብ ካደረቁት በኋላ በቦርዱ ላይ ያጽኑት። ከዚያ ሰርኪቱን በቆርቆሮ ሳጥን ይክደኑት፤ ክዳኑ የሚረዳው ከሬዲዮ ሞገድ ይልቅ ከነፋስ ስለሚጠብቀው ነው። ቮልቴጅ ማረጊያውን ከሳጥኑ ውጭ ያድርጉ፤ ሙቀት የሚያመነጨው እሱ ነው።

ኦሲሌተሩ ካልተነሳ ከእግር 7 ወደ ግራውንድ 22 ኪሎ ኦም ይጨምሩ። ከዚያ ያነሰ ዋጋ አይጠቀሙ፤ የአይሲውን የውስጥ ሚዛን ያናጋል።

ኤስአይ5351 ያለበት ዲጂታል ኦሲሌተር ካለዎት መንሸራተቱ ከሞላ ጎደል ይቀራል፤ እንዲያ ከሆነ ከ11.9152 እስከ 12.1152 ማስኬድ ይሻላል፤ ምስሉ ወደ 16.93 ይርቃል። የጎን ሞገድ ግልበጣ እንዳለ ያስታውሱ። ውጤቱ 3.3 ቮልት የሚደርስ ካሬ ሞገድ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ኤስኤ612 አይግባ፤ በ1 ኪሎ ኦምና በ100 ኦም ከፋፍለው ወደ 300 ሚሊቮልት ያውርዱትና በ10 ናኖፋራድ ወደ እግር 6 ይስጡት። እግር 7 ባዶ ይቀራል።

ከሚክሰሩ በፊት ያለው ማጣሪያ

ሁለት ቲ50-6 ቶሮይዶች፣ እያንዳንዳቸው 35 ዙር፣ 4.9 ማይክሮሄንሪ። በእያንዳንዱ ላይ 82 ፒኮፋራድና እስከ 30 የሚሄድ ትሪመር። የሁለቱን ላይኛ ጫፎች 3.3 ፒኮፋራድ ያገናኛቸዋል። በመጀመሪያው ላይ ለአንቴናው 3 ዙር፣ በሁለተኛው ላይ ለሚክሰሩ 14 ዙር ይጠቅልሉ፤ ሁለቱንም በግራውንድ በኩል ባለው የጥቅሉ ጫፍ ላይ። ስፋቱ 300 ኪሎኸርዝ ገደማ ይሆናል። ማገናኛውን ካፓሲተር ወደ 10 ቢያሳድጉት ማጣሪያው ሁለት ጉብታ ያወጣና መሐሉ ይጎደጉዳል፤ "ሲግናል ይጨምርልኛል" ብሎ ማሳደግ የተለመደ ስህተት ነው። ሁለቱን ቶሮይዶች አያጎራብቱ፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ያራርቋቸውና አንዱን ከሌላው በቀጥተኛ ማዕዘን ያቁሙ።

በተጨማሪ በአንቴናው መግቢያ ላይ ለ4.9152 ወጥመድ ያስፈልጋል፤ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ዙሪያ የሚሠራ ጣቢያ በማጣሪያው አልፎ ምንም ሳይለወጥ ወደ አማካዩ ክፍል ሊገባ ይችላልና። በቲ50-2 ላይ 45 ዙር፣ ወደ 10 ማይክሮሄንሪ፣ ከ82 ፒኮፋራድና ከ30 ትሪመር ጋር በተከታታይ ወደ ግራውንድ። መደወያው የትም ሲዞር ቦታውን የማይለቅ ጣቢያ ከሰሙ ይህን ወጥመድ ያስተካክሉ።

የኤስኤ612 እግሮች

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዲሲ ነው። እግር 1 እና 2 የራሳቸው የውስጥ ቮልቴጅ አላቸው። የ14ቱ ዙር አንድ ጫፍ ወደ 1፣ ሌላው ወደ 2 ይሂድ፤ እግር 2 በ47 ናኖፋራድ ብቻ ግራውንድ ይሁን። ጥቅሉ በቀጥታ ግራውንድ ከነካ ሚክሰሩ ሚዛኑን ያጣል፤ ድምፅ ቢኖርም ደካማና የኦሲሌተር ፍሳሽ የበዛበት ይሆናል። እግር 6ም እንዲሁ ነው፤ በጥቅሉ በኩል ግራውንድ ከነካ ኦሲሌተሩ ይሞታል፤ 100 ፒኮፋራዱ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ኃይሉ ከ4.5 እስከ 8 ቮልት ነው፤ 78ኤል06 የሚባለው ቮልቴጅ ማረጊያ ተስማሚ ነው። በእግር 8 ሥር፣ ሽቦውን አሳጥረው፣ 100 ናኖፋራድ ያስቀምጡ። 9 ቮልት ባትሪ በቀጥታ ማሰር አይሲውን የመጨረሻ ጣሪያው ላይ ማቆም ነው።

ውጤቱ ከእግር 4 ወይም 5 ሲወጣ 1.5 ኪሎ ኦም ነው። የክሪስታል ማጣሪያ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ይፈልጋል፤ በቀጥታ ከተያያዘ የማጣሪያው አናት ይሸበሸባል፣ ድምፁም በጉድጓድ ውስጥ የሚናገር ሰው ይመስላል። ማጣሪያዎ 200 ኦም የሚፈልግ ከሆነ ከእግር 4 ወደ ግራውንድ 56 ፒኮፋራድ፣ ከዚያ በመስመሩ ላይ 16.5 ማይክሮሄንሪ፣ ቀጥሎ 10 ናኖፋራድ። ጥቅሉ በቲ50-2 ላይ 58 ዙር ነው፤ ቀጭን፣ 0.3 ሚሊሜትር ሽቦ ይጠቀሙ።

ማታ፣ እና የዳዮድ ቀለበት ጥያቄ

አሁን ወደ ሚክሰሩ እንምጣ። ኤስኤ612 ጥሩ ማጉላት አለው፣ ጫጫታውም ትንሽ ነው፤ ድካሙ ጠንካራ ሲግናል ላይ ነው። የሦስተኛ ደረጃ የመጋጠሚያ ነጥቡ (ጠንካራ ሲግናልን የመቋቋም መለኪያው) በመግቢያው -15 ዲቢኤም (ከ1 ሚሊዋት አንጻር በዴሲቤል) አካባቢ ነው። ከ7.2 በላይ ለስርጭት በተመደበባቸው የዓለም ክፍሎች ማታ 7.25 እና 7.35 ላይ ሁለት ጠንካራ ጣቢያዎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው -35 ዲቢኤም። የ7.25 እጥፍ ሲቀነስ 7.35፣ 7.15 ነው፤ ባንድዎ ውስጥ። መጠኑ ሦስት ጊዜ -35 ሲደመር 30 (የመጋጠሚያ ነጥቡ 15 እጥፍ)፣ ማለት -75 ዲቢኤም ይሆናል። በመቀበያ መለኪያ ላይ ኤስ9 የሚባለው ጠንካራ ሲግናል -73 ነው። እንግዲህ ምንም ጣቢያ በሌለበት ቦታ ኤስ9 የሚጠጋ ጣቢያ ተፈጠረ። ጣቢያዎቹ ደግሞ ሁለት ብቻ አይደሉም።

የፊት ማጣሪያው 7.25ን ሊያወጣልዎት አይችልም፤ በጣም ቅርብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ያው የ10 ዴሲቤል ማዳከሚያ፣ ከመቀያየሪያ ጋር። በ7 ሜጋኸርዝ ከአንቴናው የሚመጣው የተፈጥሮ ጫጫታ ከሚክሰሩ ጫጫታ እጅግ ስለሚበልጥ ምንም አይጎድልብዎትም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ማዳከሚያው ገብቶ አንቴናውን ሲሰኩ ጫጫታው በግልጽ ከጨመረ ገና የሚተርፍ አለዎት። ከሚክሰሩ በፊት የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ማጉያ ማስገባት ደግሞ በዚህ ባንድ ላይ የተገላቢጦሽ ሥራ ነው፤ አያስገቡ።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ካልበቃ፣ ያኔ የዳዮድ ቀለበት ተገቢ ነው። 7 ዲቢኤም የሚነዳው ቀለበት የመጋጠሚያ ነጥቡ +13 አካባቢ ስለሆነ ከላይ ያለው ውላጅ ከ-75 ወደ -131 ዲቢኤም ይወርዳል፤ ከጫጫታው በታች ማለት ነው። ግን የሚጠይቀውን ይወቁ። አንደኛ፣ አያጎላም፤ ወደ 6 ዴሲቤል ያጠፋል፣ ስለዚህ ከኋላው ጥሩ ማጉያ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ 7 ዲቢኤም በ50 ኦም ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.4 ቮልት ነው፤ የኤስኤ612 ውስጣዊ ኦሲሌተር ይህን አይነዳም፤ የራሱ ኦሲሌተርና ማጉያ ያስፈልጋል። ኃይሉ ካነሰ ዳዮዶቹ በግማሽ ልብ ይከፈታሉ፤ ኪሳራው ይጨምራል፣ የመጋጠሚያ ነጥቡም ይወድቃል፤ ያኔ ከኤስኤ612 የተሻለ ነገር አላገኙም።

ሦስተኛው በጣም የሚዘነጋው ነው። ቀለበቱ በአማካዩ ወደብ ላይ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ 50 ኦም ማየት አለበት። የክሪስታል ማጣሪያ ግን 50 ኦም የሚመስለው በጠባቧ መስኮቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሁሉ መልሶ ወደ ዳዮዶቹ ይወረውራል። መካከሉ ላይ ዳይፕሌክሰር ይግባ፦ በመስመሩ ላይ 1.62 ማይክሮሄንሪና 647 ፒኮፋራድ በተከታታይ፤ ከሚክሰሩ ወደብ ወደ ግራውንድ ደግሞ ያው 1.62ና 647 ጎን ለጎን ሆነው ከ50 ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ። 4.9152 በመስመሩ ያልፋል፣ ሌላው ሁሉ ሬዚስተሩ ውስጥ ይቃጠላል። ጥቅሎቹ በቲ37-2 ላይ 20 ዙር ናቸው፤ 647 የሚገኘው ከ620ና ከ27 ነው።

የዳዮድ ቀለበቱ ትራንስፎርመሮች በኤፍቲ37-43 ፌራይት ቶሮይድ ላይ፣ አብረው የተገመዱ ሦስት ሽቦዎች፣ 10 ዙር። ዳዮዶቹ 1ኤን5711፤ ከሌሉ ከአንድ ጥቅል የወጡ 1ኤን4148፣ በ1 ሚሊአምፔር ላይ ቮልቴጃቸው በጥቂት ሚሊቮልት ውስጥ የሚቀራረብ አራት መርጠው። አራቱም ቀስቶች በቀለበቱ ዙሪያ አንድ አቅጣጫ እየተከተሉ ይዙሩ። እንደ ባትሪ ቻርጀር ድልድይ ካሰሯቸው ማስተካከያ ሬክቲፋየር ሠሩ እንጂ ሚክሰር አልሠሩም፤ ሰርኪቱ ድምፅ አልባ ሆኖ ሲቀር መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

አቃኛኘቱ

ኦሲሌተሩን ይጀምሩ። ጥቅሉን በፍሪኩዌንሲ ቆጣሪው ወይም በኦሲሎስኮፑ መንካት ራሱ 10 ፒኮፋራድ ያህል ይጨምርና ያነበቡትን ያዛባል፤ እግር 7 ላይ በትንሽ ካፓሲተር ይለኩ። ተለዋዋጩ ሙሉ ሲዘጋ 2.085፣ ሙሉ ሲከፈት 2.285 እንዲደርስ 150ውን ያስተካክሉ።

ለፊት ማጣሪያው 7.1 ላይ ሲግናል ይስጡ። በሁለተኛው ጥቅል ላይ 1 ኪሎ ኦም ጭነው የመጀመሪያውን ወደ ከፍተኛው ያምጡ፤ ሬዚስተሩን ወደ መጀመሪያው አዛውረው ሁለተኛውን ያምጡ፤ ከዚያ ያውጡት። ያለ ሬዚስተሩ ሁለቱን እያፈራረቁ ማስተካከል አንዱ ሌላውን ስለሚስብ ማለቂያ የለውም። ቀጥለው 4.9152 በጠንካራ መጠን ይስጡና ወጥመዱን ድምፁ እስኪደክም ያዙሩ።

በመጨረሻ 2.73 ላይ ሲግናል ይስጡና በ7.1 ከሰሙት ጋር እኩል እስኪሆን መጠኑን ይጨምሩ፤ የሁለቱ ልዩነት የምስል መቀነሻዎ ነው። 60 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ካነበቡ ማጣሪያው ሥራውን እየሠራ ነው። 40 ላይ ከቆመ ጥፋቱን በጥቅሎቹ ዙር ውስጥ አይፈልጉ፤ ሲግናሉ ማጣሪያውን ዘሎ እያለፈ ነው። በሁለቱ ቶሮይዶች መካከል ለቦርዱ መዳብ የተበየደ ቆርቆሮ ያቁሙ፣ ከአንቴናው እስከ ቦርዱ ያለውን ሽቦ በኮአክሲያል ኬብል ይተኩ፣ የኬብሉንም መከለያ ከሚክሰሩ ሥር ሳይሆን ከመጀመሪያው ጥቅል ግራውንድ ጋር ይበይዱት።